ያልሰፋኋቸው አሥራ አንድ ገጾች

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በኮሞዲኖዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሐኪም ወረቀቶቼ ሥር፣ የእኔ ያልሆኑ አሥራ አንድ ገጾች ደብቄ ነበር። አልሰረቅኋቸውም፤ በአደራ ነው የተሰጡኝ። አሁን አሁን ሳስበው መስረቁ ሳይሻል አይቀርም። ሌባን ማንም አምኖት አይሰጠውም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበርኩ። የታተመውን ወረቀት አጥፌ፣ ደርድሬ፣ በወስፌ በስቼ፣ በክር ሰፍቼ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም በእጄ ያላለፈ የመጽሐፍ ዓይነት የለም። ጡረታ ስወጣ ወስፌዬን ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ልጆች የሚበጣጥሱትን የመማሪያ መጽሐፍ እየጠገንኩ እኖራለሁ።

የልጅ ልጄን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ለአንድ መጋረጃ ሱቅ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። በሃያ ሁለት ዓመቷ አገባች። ሰውየው ደህና ሥራ፣ ደህና ልብስ፣ ደህና አንደበት ነበረው፤ እኔም እሰይ ብዬ ዳርኳት። ጠዋት ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፍባት እንደነበር ያወቅሁት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በየሳምንቱ ስደውል "ደህና ነኝ እማማ" ትለኛለች፤ እኔ ሞኟ አምናለሁ። አንድ ቀን በመስኮት ወጥታ፣ የተሰበረ ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ደጄ ላይ ቆመች። ይኸው ሦስት ዓመቷ። ክንዷ ድኗል። ሌላውን እንጃ። አሁንም ሰው ከኋላዋ ሲመጣ ትበረግጋለች።

ስለዚህ እጠብቃታለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ወንድ ሲጮህ ድምፁን እቀንሳለሁ። ጎረቤት ስለ ባልና ሚስት ጠብ ማውራት ሲጀምር ሳል ይይዘኛል። "እማማ፣ ይቺ ሳልሽ ወሬ እየመረጠች ነው የምትነሳው" ትለኛለች።

ግጥም ወደ ቤታችን የገባው በእኔው ዓይን ነው። ዓይኔ ደክሞ መነጽር ቤት ሄድኩ። ዓይን የሚለካው ልጅ ቀጭን፣ በሩን ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ነው፤ ሸንበቆ ብዬ ስም አወጣሁለት። ሌላ ቦታ የተበታተነ ፊደል ነው የሚያስነብቡት። እሱ ካርቶን ላይ ግጥም ጽፎ ይሰጣል፤ ፊደሉ ከላይ ትልቅ ሆኖ ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል።

"እስኪ ያንብቡልኝ እማማ።"

ዝናቡ ቆሟል፤
ጃንጥላዬን ግን አላጠፍኩም።
ትከሻዬ ገና አላመነም።

"አለቀ?" አልኩት።

"አለቀ።"

"ቤት አይመታም እኮ! ይሄ ምኑ ግጥም ነው?"

"የዛሬ ልጆች የሚጽፉት እንደዚህ ነው። ግን አዩ? እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት" አለኝና ሳቀ።

ቤት ገብቼ ለልጅ ልጄ እንደ ቀልድ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት። በማግሥቱ፣ ዓይኗ ምንም ሳይሆን፣ ዓይኗን ልትለካ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሆናቸው። የሚገናኙት ባንኮኒው ላይ ብቻ ነው፤ እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። መውጫና መግቢያው በሚታይበት ቦታ ካልሆነ ከወንድ ጋር አትቆምም። እሱም ይህን ሳይነገረው አውቆ አንድም ቀን ከባንኮኒው ወዲህ አልተሻገረም። ይሄን አይቻለሁ፤ ዓይኔ ለዚህ ለዚህ አልደከመም።

ጠራዥ መሆኔን ሲሰማ ጊዜ አንድ እሑድ ግጥም በእጁ የገለበጠባቸው ልቅ ወረቀቶች ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ፣ "እማማ፣ ዛሬ ዛሬ ከሚጽፉት የወደድኩትን ሰብስቤ ነው። ለእሷ ነው። እርስዎ ጠርዘው ይስጡልኝ። ከእርስዎ እጅ ስታገኘው አይከብዳትም" አለኝ። በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋልና። የገጽ ቁጥር የለውም። ደስ አለኝ። በእኔ በኩል ማለፉን ወደድኩለት።

ልሰፋ ስቀመጥ ግን አነበብኩት። እንዲህ የሚል ነበረው፦

ቁስሌን አትንካው አላልኩም፤
እጅህን ታጥበህ ና ነው ያልኩህ።

ሌላው ደግሞ፦

ድነሻል ይሉኛል።
መዳን ማለት
ስሙ ሲነሳ ውሃ ሳይደፉ መጠጣት ከሆነ፣
ግማሽ ብርጭቆ ቀርቶኛል።

ይሄን ለእሷ? ስንት ነገር ሸፋፍኜ ያደረስኳትን ልጅ በወረቀት ሊያፈርሳት ነው? ቁስል የሚለውን፣ ስብራት የሚለውን፣ ጩኸት የሚለውን እየነጠልኩ ወደ መሳቢያዬ፤ ጤዛ፣ ጨረቃና የአበባ ሽታ የሚለውን እያጠፍኩ ወደ ክሬ። ገጽ አውጥቼ ያልጎደለ ማስመሰል ሥራዬ ነው። ሦስት ጥራዝ ሰፋሁ፤ አሥራ አንድ ገጽ ቀረ። የመጨረሻውን ገጽ ሦስት መስመር እንኳ በቅጡ አላነበብኩትም። በር፣ ቁልፍ፣ የምትጮህ ሴት። ከሌሎቹ ጋር ከተትኩት።

ያ ባለፈው እሑድ ነበር፤ ሰኞ ጥራዞቹን ከእሱ ነው ብዬ ሰጠኋት።

አርብ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ ሦስቱን ጥራዞች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"የላላውን መነጽርሽን ልታስጠብቂ ስትሄጂ መልሺለት።"

"ምነው? ምን አጠፋ ልጁ?"

"ምንም አላጠፋም። እሱ እኮ ነው ችግሩ።" የመጀመሪያውን ገለጥ አድርጋ ዘጋችው። "ስምንት ወር ቆይቶ ከሰበሰበልኝ ውስጥ አንድ የሚያም ነገር የለም። ጤዛ፣ ጨረቃ፣ ጤዛ። ያ የጃንጥላው ግጥም የሌላ ሰው ይመስላል። እማማ፣ እንዲህ ላለ ሰው ስለ ክንዴ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ያዝንልኛል። ሕመም ለማያውቅ ሰው ዕድሜ ልኬን ሳስረዳ መኖር አልችልም። ደክሞኛል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ውስጤ እፎይ አለ። ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ይንኳኳል፣ ማንም አይነካትም። ጥራዞቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከኋላዬ መኪናው አልተንኳኳም። ከደረጃው ታች ሆኜ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር፤ ዝም ብሎ ነበር።

መነጽር ቤቱ የሸንበቆ አክስት ነው። እሷ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር የማይቆይላት ሴት ናት። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

"ደህና ነዎት? መነጽሩ ዳግም ላላ?"

"ላላብኝ። ልጁ የለም እንዴ?"

"ጓዳ ነው። ዕቃውን እያሸገ ነው፤ ነገ ጠዋት ይሄዳል። አዲሱን ቅርንጫፍ አልፈልግም ሲለኝ ከርሞ ዛሬ ጠዋት እሺ አለ። አንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ!" ወደ እኔ ጠጋ አለች። "የእርስዎ ልጅ ግን ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ትናንት ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ" መንገዱን ተሻግሮ ያለውን አግዳሚ አሳየችኝ፣ "እንደ ምሰሶ ተተክሎ አመሸላት። ሱቅ ዘግቼ ስወጣም እዚያው ነው። አልፈልግህም ማለት አንድ ቃል እኮ ነው! የተማረ ልጅ ነው፣ ሰው አጥቶ አይደለም። እኔ ስንት ደህና ቤት ያደገች አሳይቼው ነበር፤ እሱ የመጋረጃ ሰፊዋን ብቻ አለ።"

"ቀጠሮ... ቀጠሮ ነበራቸው እንዴ?"

"ጽፌላታለሁ ነው የሚለው። በመጨረሻው ገጽ ጀርባ።"

ጀርባ። በሕይወቱ ጀርባ ላይ ጽፎ የማያውቅ ልጅ።

ይሄኔ ከጓዳ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። መነጽሬን ከእጄ ተቀብሎ ትንሿን ብሎን በትንሿ መፍቻ አጠበቀ፣ በጨርቅ ወለወለ፣ እሱ ራሱ ጆሮዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ፊቱ ጠርቶ ታየኝ። እንዲያ ባልታየኝ።

"እማማ፣ የመጨረሻውን ሰጥተዋታል አይደል?" አለኝ ቀስ ብሎ። "እንዲያው ልወቅ ብዬ ነው። አልቀየምኩም።"

"ሰጥቻታለሁ ልጄ" አልኩት። ጥራዙን ሰጥቻታለሁና ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። እሱ አንገቱን ነቀነቀ፤ አመሰገነኝ። ማመስገኑ ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

ጥራዞቹን ከቦርሳዬ ሳላወጣ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። እሷ ለአንድ ደንበኛ መስኮት ልትለካ ወጥታ ነበር። መሳቢያውን ሳብኩ፣ የመጨረሻውን ገጽ አወጣሁ፣ ገለበጥኩት።

"ይህ የራሴ ነው። የሌሎቹን የሰበሰብኩት ይሄን ለማለት ድፍረት ስላጣሁ ነው። ካነበብሽ በኋላ ልታይኝ ከቻልሽ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እጠብቅሻለሁ። ሰው የሚያልፍበት ግልጽ ቦታ ነው። ካልመጣሽ እንዳልቻልሽ ይገባኛል፤ የተሰጠኝን ሥራ ተቀብዬ እሄዳለሁ። ይሄን ሸሽጌሽ ግን አንቺን ማፍቀር አልፈልግም።"

ከዚህ በላይ የሚሸሸግ ነገር አልነበረኝም። ስትገባ አሥራ አንዱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኋት።

"ምንድን ነው?"

"ያንቺ ነው። ከየጥራዙ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ቆማ አየችኝ። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ነበር።

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ልጄ። ገና እየዳንሽ ስለሆነ..."

"እማማ።" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ያ ሰውዬ ለምን ይቆልፍብኝ እንደነበር ነግሬሽ አውቃለሁ? አልነገርኩሽም። 'ውጭው ይጎዳሻል' ነበር የሚለኝ። 'ለአንቺው ብዬ ነው' እያለ፣ ቁልፉን እያዞረ።"

"እኔን ከእሱ ጋር..."

"ከእሱ ጋር አላስተካከልኩሽም። እሱን እጠላዋለሁ። አንቺን ግን እወድሻለሁ፤ ለዚህ ነው ይሄኛው የባሰው።"

ሠላሳ ነገር ልል አፌን ከፍቼ "ይቅር በይኝ" ብቻ ወጣ። ይቅር አላለችኝም። ገጾቹን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ለእኔ ነበር የምታነበው፤ እንድሰማው። አንዱን ጨርሳ ሌላውን። ቁስሉን፣ ስብራቱን፣ ግማሽ ብርጭቆውን። ይሰበራል ያልኩት ድምፅ ከገጽ ገጽ እየጸና ሄደ። አንዱ ጋ ሳቀች፤ ሳቅ ይባል እንጃ፣ "ልክ እንዲህ ነው፣ ልክ እንዲህ!" አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ አልሰማሁም። ለካ እኔ መርዝ ብዬ የደበቅኩት፣ እሷ ስትፈልገው የኖረችው ሰው አንደበት ነበር።

የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።
በሩ አልተቆለፈም፤
እጀታው ከደረቴ ትይዩ ነበር።
እናቴ ውስጥ ትጮሃለች።
እኔ ውጭ ቆሜ
የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ አስራለሁ።
እናቴ ተርፋለች፤ ይቅር ብላኛለች።
ክሩ ግን እስከ ዛሬ
አልታሰረልኝም።

ገለበጠችው። ጀርባውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

"ሐሙስ" አለች። "ትናንት እኮ ነው።"

"ነገ ጠዋት ይሄዳል። አሁን ሱቁ ውስጥ ነው።"

"አለመምጣቴን ሲያይ... አንብቤ የቀረሁ መስሎታል! እማማ፣ ይሄን አንብቤ የቀረሁ መስሎታል!"

አለቀሰች፤ ለራሷ አልነበረም። ለእሱ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ስጠብቃት ለሌላ ሰው ማልቀስ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ተከተልኳት። አትምጪ አላለችኝም፤ ነይም አላለችኝም። መንገዱን እሷ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ፣ እኔ ጉልበቴን እየጎተትኩ ሄድን። ሱቁ ጋ ስንደርስ ዞራ፣ "አንቺ እዚህ ሁኚ" አለችኝና አግዳሚውን አሳየችኝ። ተቀመጥኩ።

የሱቁ ፊት መስታወት ስለሆነ ሁሉም ይታየኛል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። አክስቲቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት፣ የልጄን ፊት አየችና ዘግታው ወደ ጓዳ ገባች። ሸንበቆ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ልጄ ወረቀቱን ዘረጋችና ማንበብ ጀመረች። ከከንፈሯ አወቅሁት፤ የእሱን ግጥም ለእሱ እያነበበችለት ነበር። እሱ በመጀመሪያ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ባንኮኒውን ያዘ፣ ከዚያ ያ ረጅም ሰውነት ቁጭ ሲል ግማሹ ጠፋኝ። እሷ ንባቧን አላቆመችም። ጨረሰችና መናገር ጀመረች። የምትናገረውን አላውቅም። ግን እጅጌዋን ስትሰበስብ አየሁ። ለእኔ እንኳ በቅጡ አሳይታ የማታውቀውን ክንዷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከአግዳሚው ብድግ አልኩ። እግሬ በራሱ ነው የተነሳው። መንገዱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። ልጄ ናት የምታለቅሰው! እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ያያታል፤ አይነካት፣ አያባብላት። ምን ዓይነት ሰው ነው? ልሮጥ ነበር። ከዚያ ገባኝ፤ እስክትጨርስ እየጠበቃት ነው። እኔ አንድም ቀን እስክትጨርስ ጠብቄያት አላውቅም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ያን መቀመጥ ያህል ግን አልከበደኝም።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ያልፋል።

"ይቀራል?" አልኳት።

"ይሄዳል። ለእኔ ብሎ ከሚቀር ለራሱ ይሂድ አልኩት።" ትንፋሿን ሳበች። "ይጽፍልኛል። ወር ሲሞላው ደግሞ እኔ ሄጄ አየዋለሁ።"

"ብቻሽን? አንድ ቀን ሙሉ መንገድ..."

አየችኝ። 

"ደብዳቤውን በመጋረጃ ሱቁ አድራሻ አድርገው ብዬዋለሁ" አለች። "በቤት በኩል አይደለም።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት፤ ድምፄ እንዳይሰበር እየታገልኩ። እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

"ተቆጥቼሻለሁ እማማ። ገና ብዙ ጊዜ እቆጣሻለሁ።"

"ተቆጪ።"

"እንዳትስይብኝ ደግሞ።"

"አልስልም።"

ተነሳንና ሄድን። ክንዴን አልያዘችኝም፤ ግን እርምጃዋን ቀነሰችልኝ። ከጎኗ ሆኜ ሰርቄ ሳያት ፊቷ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር። ሐዘን ልለው አልኩ፣ አይደለም። ደስታ ልለው አልኩ፣ እሱም አይደለም። ምን እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ደርሶ ነበር። ግን አልጠየቅኋትም። የእሷ ነው። አንዲት ሴት የራሷ የሆነ ነገር በፊቷ ይዛ ከጎኔ ትሄዳለች፤ እኔም እንዲህ ፈርቼም እንዲህ ደስ ብሎኝም አላውቅም።